የፈሰሰ ውሃ

“የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም” ያለው
የዘይት ፋብሪካ ጓሮ ያላየ ነው።
እኔ ደመወዜን የምበላው አፍሼ፣
ሌላው ያፈሰሰውን ከቦይ መልሼ።

ዮርክተን፣ የካቲት። ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት።
ካኖላው ከባቡር ይራገፋል ሌት ተቀን፣
ይጨመቃል፣ ይታጠባል፣ ይጣራል፤
ዘይቱ በጠርሙስ ተኩሎ ያልፋል፣
እጣቢው ወደ እኔ ቁልቁል ይጎርፋል፤
ሳሙናው፣ አሲዱ፣ ሞራ የመሰለው አተላ።

ኦሬስት ጡረታ ሊወጣ ሰሞን እንዲህ አለኝ፦
“መሣሪያው ይዋሻል፤ አንቺ አሽትቺ።
ዝናብ የነካው አፈር ከሸተተሽ፣ ተቀመጪ፤
የገማ እንቁላል ከሸተተሽ፣ ሩጪ።”

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሮጥኩ።

አረፋው የገንዳውን አፍ ዘሎ
ከደረጃው ብረት ላይ ደርቋል፣ ነጭ ጺም መስሎ።
ሳሙናው ከላይ እንዳለ ወርዷል፣
የፒኤች መርፌው አሥራ አንድን አልፏል፣
የመግፈፊያው ሰንሰለት በብርድ ተይዟል።

በሁለተኛው ገንዳ
ዓይን የማያያቸው ሠራተኞች አሉኝ፤
ማኅበር የላቸው፣ የትርፍ ሰዓት አይጠይቁኝ፣
ስብ በልተው ያድራሉ፣ አየር ብቻ ይሻሉ።
ይህ ከደረሰባቸው ግን
ሳይነጋ ያልቃሉ።

በሩን ዘጋሁባቸው፤ ጎርፉን ወደ መጠባበቂያው መለስኩ።
አካፋ አነሣሁ።

ሮሜል በደረጃው ወረደ፣
የብረት ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ፣
“ቫልቩን የረሳሁት እኔ ነኝ። አርባ ደቂቃ” አለ፣ ድምፁ ፈዝዞ።
ከተቀጠረ ገና ሁለት ወሩ ነው።
ሁለተኛውን አካፋ ሰጠሁት።

ሰሙን ስንገፍ፣ ሰሙን ስንገፍ
ከሥሩ ወርቅ አልወጣም፤ ውሃ ነው።
ውሃ ብቻ፣ እሱም ደፍራሳ።
በመሃል ስለ ልጁ ጥርስ ነገረኝ፤
ትናንት ማታ ወጣ አለኝ፣ የታችኛው፣ አንድ።

ሲነጋ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሣሁ፤
ጣቴ በወዲያ ይታያል፣ ጥፍሬ አይለይም።
የከተማው ቦይ እስከ ሐሙስ ይጠብቅ፤
እንዲህ ሆኖ አላሳልፈውም።

መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ ቫልቩን ጻፍኩ፤
እስክሪብቶዬ ከስም መሥመር ደርሶ ቀዘቀዘ።
ሮሜል ጓንቱን አውልቆ ተቀበለኝ፣
ስሙን ራሱ ጻፈ፤
ወረቀቱ በጣቱ ልክ ወዛ።

ከዚያ ገንዳው አፋፍ ሄጄ አሸተትኩ።
እንቁላል አይደለም።
አፈርም አይደለም፣ ገና።
አልሮጥኩም፣ አልተቀመጥኩም፤
እዚያው ቆምኩ።