ተሰባሪ ዕቃ

ከሚዛን ላይ ሲያወርደው፣ ገና ሲባጎው ሳይፈታ፣
ካርቶኑ አንዴ አቃሰተ፣ እንደ በሽተኛ በማታ።
እንግዳወርቅ ደንግጦ እጁን ከላዩ ሳበ፤
«መምህር፣ ነፍስ ያለው ነገር በፖስታ አይላክም» አለኝ፣
ሊቀልድ፤ ሳቁ ግን ገና ከጢሙ ሳይወጣ ተሰበሰበ።

ቀይ ቀለም፣ የሽማግሌ እጅ፦ «ተሰባሪ ነው»፣ በአራቱ ጎን።
«ይህ ወደ ላይ» የሚል ቀስትም አለ፤
ቀስቱ ቁልቁል እያየ ነው ያለፈው ጣርማበርን።

ውስጡ አኮርዲዮን ነው። ጣልያን ሠራሽ፣ እንደ ሰንበት ጫማ ጥቁር፣
ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ብዙ ሠርግ ሲያነጋ ያደረ፤
የሁለት ክረምት ማጠናከሪያ፣ የአራት ሙክት ሽያጭ፣
ከእኅቴ ዕቁብ የተቀነሰ፣ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ተጠቅሎ፣
አንድ ጥጉ ተጨፍልቆ፣ ወናፉ ተተርትሮ ነበረ።

የጠቀለሉበት ጨርቅ የራሳቸው ሽርጥ ነው፤
ጋሽ ጽጌ፣ የድሬዳዋው፣ ጣታቸው ቢያብጥ የሸጡት።
ከማሰሪያው ሥር ብጣሽ ወረቀት፦
«ብርድ አገር ነው አሉኝ ያንተ። ማታ ማታ አልብሰው።»

እንግዳወርቅ ቅጽ ዘረጋ፣ በሦስት ቅጂ፣ በካርቦን።
«የተጎዳው ክፍል?» «ወናፉ።»
«እንደ አንጥረኛ ወናፍ?» «እንደሱ።» ጻፈው፣ ምላሱን ነክሶ።
«የተገለጸ ዋጋ?» አለና የላኪውን ወረቀት ገልጦ
ዝም አለ። አዙሮ አሳየኝ። ያው ቀይ ቀለም፣ ያው እጅ፦
«ያገለገለ ዕቃ። ሦስት መቶ ብር።»

የመላኪያው እንዳይበዛብኝ፣ ለእኔ አዝነው ነው እንግዲህ፤
በደግነታቸው አረከሱት፤ ሕጉም የሚያውቀው ይኸንን።

ተራ ቁጥር ሰባት፦ «ዕቃው ከመላኩ በፊት እንከን ነበረበት?»
አዎ። የለም። ሁለት ባዶ ሣጥን።
ድምፁን ሰምቼው የማላውቀውን፣ በምን አፌ ልመስክርለት?
ብዕሩን መለስሁለት።

ካርቶኑን አቅፌ ወጣሁ። በየእርምጃው ያቃስታል፤
መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ
«እግዜር ይማርልህ» ሊለኝ ምንም አልቀረው።

ብራና ፋቂው ይርዳው ወናፉን ገልጦ አሸተተው።
«ብራና ይናገራል እንጂ» አለ፣ «መተንፈስ አልተማረም»፤
የጥቦት ቆዳ አመጣ፣ ሲፍቀው፣ ሲያሳሳው፣ ሲያለፋው ሰነበተ፣
ከመብራት ፊት ሲይዘው ጣቱ ማዶ እስኪታይ ድረስ።
በአራተኛው ቀን ተነፈሰ፣ የበግ የበግ እየሸተተ።

አንዲት ቁልፍ ብቻ አልዳነች። መካከለኛዋ ፋ፣
ብረት ምላሷ ተሰብሮ፤
ስትነካ ነፋስ ብቻ፣ ሳይዘጋ እንዳደረ በር።

እሑድ ደወሉ። «ደረሰ?»
«ደርሷል።» «በደኅና?» «እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ፤
ይህ መልስ ይሁን ሽሽት፣ አማርኛ ራሷ አትለየውም።
«እስቲ አሰማኝ።»

ስልኩን ከጠመኔ ሣጥን አስደገፍሁ። ትዝታን መረጥሁ፣ ሆን ብዬ፤
ትዝታ ፋን አትረግጣትም፤
ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጭቃ እንደምትሻገር ሴት
ከሚ ወደ ሶል ታልፋለች።
ጨረስሁ። አንዴ አሳሉ። «አሁን ደግሞ አምባሰል።»

ባለቤቱን እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል?
ጀመርሁ። ከፋ ደጃፍ ስደርስ፣ ነፋስ።
«ፋ ናት?»
«ፋ ናት።»
ከድሬ ሙቀት እስከ መንዝ ውርጭ መስመሩ ዝም አለ፣
ሒሳቡን እየቆጠረ።
«እኔም ጋ ሳለች» አሉ ቆይተው፣ «ታመነታ ነበረ።»

እውነት ነው? ወይስ ለእኔ ብለው
አሁንም ዋጋ ቀነሱ?

ቅጹ ከመሳቢያዬ አለ፤ ተራ ቁጥር ሰባት ባዶ።
እንግዳወርቅ ገበያ ባየኝ ቁጥር «ገደቡ ሠላሳ ቀን ነው» ይለኛል።
ማታ ባና አለብሰዋለሁ።
ከተማሪዎቼ ጋር አምባሰል ስናጠና፣ ከፋ ደጃፍ ስንደርስ፣
ማንም ሳይነግራቸው በአፋቸው ይሞሏታል፤
አንዷ ትንሽ ዝቅ ታደርጋታለች።
ዛሬ ሃያ ዘጠነኛው ቀን ነው።