የግራው በር

መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዚያ ነው አካሉ፤
ሁለቱ ሞተሮች ሲያስሉ፣ ሲማማሉ፣
ጎሕ ገና ሳይቀድ በቪያቪሴንሲዮ ሰማይ
ማን እንደ መጣ አውቃለሁ፣ ዓይኔ ክንፉን ሳያይ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ከሚዛን ጋር ኖርኩ፤
ዓሣና በርሜሉን፣ ዶሮውን መዘንኩ፤
ነፍሰ ጡሯን ሳይቀር፣ ከነጓዟ ለክቼ፣
አሳፈርኳት በአንድ ዋጋ፣ ሁለት መሆናቸውን አይቼ።

ዛሬ ጡረታዬ አሮጌ ካሜራ ነው፣
የልጄ ባል የጣለው፣ ቁልፉ ጣት የሚነክሰው።
በአጥሩ ቀዳዳ አሹልኬ አፍንጫውን
የማነሣው እነሱን ነው፣ ሽማግሌዎቹን፦
ጅራታቸው መሬት ላይ፣ ፊታቸው ሽቅብ ቀና፣
ዝናብ እንደሚያሸት በሬ፣ በሜዳው ላይ፣ በጠዋት ዳመና።

አንድ ቀን ዮስት መጣ፣ ከሆላንድ፣
ክንድ የሚያህል ሌንስ ታጥቆ፣
ቁጥር ብቻ የሞላበት ደብተር በብብቱ ሸጉጦ፣ ታንቆ።
«ዲሲ ሦስት!» አለኝ።
«አይደለም» አልኩት፣ «በሩን ተመልከት፤
ባለ ሁለት ተካፋች፣ ጂፕ የሚያስገባ፣ ይህ የወታደር ቤት።
ከአብራሪው ራስ ኋላ ያ የተደፈነ ክብ
መስታወት ነበረ፣ መንገድ ሲጠፋ ከዋክብት ሊነበብ።
ሲ አርባ ሰባት ነው። ለጦርነት ተወልዶ
በሽንኩርት ያረጀ፣
በጨው፣ በሙዝ፣ በሙሽራ አልጋ ወገቡ የጎበጠ።»

ዮስት ሮጦ ገባ። ከአብራሪው ክፍል ግድግዳ
ዝገት የበላትን ሰሌዳ በምራቁ አጸዳ፣
ቁጥሯን ከደብተሩ አገናኘና ጮኸ፦
«ያን ሌሊት ነበረ! ኖርማንዲ ላይ! ሰው እንደ ዘር ሲዘራ!»

ኤርሚንሱል ሳቀ፣ እጁ እስከ ክርኑ ሞተር ውስጥ እንዳለ።
«የቱ ነው የዘመተው?» አለ።
«ቀኝ ክንፉን ከወንዝ ዳር ጎትተን አመጣን፣
ግራውን ከቦሊቪያ፣ በዱቤ፣ እስካሁን ያልከፈልን።
ጅራቱ የሟች ነው። ሞተሩንማ አትጠይቀኝ፣
ሚስት ቢሆን ኖሮ ቄሱ ባወገዘኝ።
ሰሌዳዋ ብቻ ናት ያልተለወጠችው፣
እሷም ቀላል ስለሆነች ነው።»

እኔ በግራ ዞርኩ። ፀሐይ አዘቅዝቃ
በቆርቆሮው ቆዳ ላይ ገደድ ብላ ወድቃ
እያንዳንዱን ሪቬት በጥላው አቆመችው።
ያኔ ነው ያየሁት።
ከነጩ ቀለም ሥር፣ ከሰማያዊው ሥር፣
በሩ ላይ አንድ ልጥፍ፣ ሰባት ሪቬት፣ ጠማማ መስመር።

ወይፈን ነበር የረገጠው፣ ሲጫን ወደ ሚራፍሎሬስ።
ወንድሜ አርኑልፎ፣ ግራኙ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ
በጥድፊያ ጠገነው። «ያምራል?» አለኝ። «ያስጠላል» አልኩት።
ሳቀና ተሳፈረ፤ ማክሰኞ ነበር ዕለቱ።
ሰማንያ አንድ ኪሎ፤ በእጄ ነው የጻፍኩት።

ጫካው ስድስት ወር ዝም ብሎ ኖረ።
ከዚያ ሁሉ በረራ በር ብቻ ቀረ፤
እሱንም አንድ ዓሣ አጥማጅ ለጎጆው መዝጊያ ሊያደርገው ነበር፣
እስኪገዛው ድረስ፣ በሁለት ጆንያ ስኳር፣
ስሙን ያልነገሩኝ አንድ ቆርቆሮ ነጋዴ።

«ምን አገኘህ?» አለ ዮስት።
«ስፌት» አልኩት።
አንድ ጊዜ ብቻ፣ እጄ ሳይረጋ፣ አነሣሁት።

ማታ ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ እንዲህ ጻፍኩ፦
ዓይነት፦ ሲ አርባ ሰባት። ቁጥር፦ ዮስት ያውቃል።
በር፦ የሌላ ነው። ቀጥዬ ልጽፍ ነበር፣ ተውኩ።

በማግስቱ ጨው ጫነ። በሩ ሁለቴ ተመትቶ ተዘጋ።
እኔ ከአጥሩ ጥግ፣ ካሜራዬን ሳላነሣ፣
እንደ ድሮው በጆሮዬ መዘንኩት ከሜዳው ሲለቅ፦
ወረቀቱ ከሚለው
ጥቂት ይከብድ ነበር።