ገና ነው

ጎልዌይ ላይ ዝናብ በጎን ነው የሚዘንብ፣
መስኮት ያንኳኳል ቀጠሮ እንዳለው ሰው፤
ፊኑላ ሄነገን፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
የመጨረሻውን ብልቃጥ እያጠበች ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣
አሴቶን ከጣቷ ታጥቦም የማይለቅ፤
ባሏ ድሮ ድሮ "ሽቶሽ ነው?" ይላት ነበር፣
ኋላ ዝም አለ፤ የለመደ አይጠይቅ።

ነገሩ የጀመረው ከባሕር ነው።
ፌስቲ የሚሉት ዓሣ አስጋሪ መረቡን ሲስብ
ጓደኞቹ የሚረግሙት ስፖንጅ ይዞ ወጣ፤
ቢጫ፣ ሽታው የከፋ፣ ለድመት የማይሆን፤
"ዓሣ አይበላው፣ ትል አይደፍረው፣
አንድ ምስጢር ቢኖረው ነው" ብሎ
በባልዲ አመጣ።

ምስጢር ነበረው።
ከአርባ ኪሎ ስፖንጅ አንድ የጨው ቅንጣት፣
ነጭ፣ እንደ ውርጭ፣ ከብልቃጥ ግርጌ የተኛ፤
በሳህን በሚያድጉ የዕጢ ሕዋሳት ላይ
ጠብ ብታደርገው፣ እንዳይበዙ ሲይዛቸው አየች፤
አየችና ወንበር ስባ ተቀመጠች፣
ለማንም ሳትነግር ቀንና ሌት አቆየች።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ያንን ቅንጣት
በሰው እጅ መሥራት ሆነ።
ሃያ ሦስት እርከን፤ በእያንዳንዱ እርከን
ግማሹ ይደርሳል፣ ግማሹ ይከዳል፤
ስድስት ወር የተለፋበት ባንድ ጧት ሬንጅ ሆኖ
ብልቃጥ ላይ ይቀራል።
ካርቦን እንደ አማች ነው፣ በግድ አይዛመድም፤
ኦክስጅን ሆዳም ነው፣ የያዘውን አይለቅም።

ኮርማክ ነበር ያኔ ዕቃ የሚያጥበው፣
ፉጨት የሚወድ፣ ሰብሮ የማያውቅ፤
ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ
"ይሄኛው ንጹሕ ነው" የሚል፣ እንደ ቄስ ሲመርቅ።
ቆሽቱ ላይ አገኙበት። ኅዳር ነበር።
ሻይ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመና
በዓይኑ ብልቃጡን፣ በአፉ እሷን ጠየቃት፤
"ደረሰ እንዴ?" አላት።
"ገና ነው" አለችው። አይጦቹ ላይ ነበር።
ከአይጥ እስከ ሰው የዓመታት መንገድ አለ፤
ያውቃል፤ የአይጦቹን ሳጥን የሚያጥበው እሱ ነው፤
ግን ሰው ይጠይቃል።

ገና መጣ፤ የሱቁ መስኮት ላይ መብራት ተሰቀለ፤
ገና ሄደ፤ ዛፉ መንገድ ዳር ተጣለ፤
መድኃኒቱ ግን ገና ነው።
ኮርማክ በጥር ሞተ። ቀብሩ ላይ ዘነበ፣ በጎን።

ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት ሰው ላይ የደረሰው
ስምንት ዓመት ቆይቶ ነው።
በመጀመሪያው ዙር ዕጢው ሲሟሽሽ ታየ፤
ዩኒቨርሲቲው ሻምፓኝ ከፈተ፣
ጋዜጣ ፎቶዋን ከሰው ፎቶ አለያየ።
በሁለተኛው ዙር የሕሙማኑ ዓይን ቢጫ ሆነ፣
እንደዚያ ስፖንጅ።
ጉበት አልቻለውም። በሁለት መስመር ደብዳቤ
ፋይሉ ተዘጋ፤ የኩባንያው ሰው ስልክ አላነሣም።

ወደ ኮርማክ ማጠቢያ ሄዳ ቆመች።
አላለቀሰችም። አንድ ብልቃጥ አንስታ፣
አውቃ፣ መሬት ላይ ሰበረች፤
ከዚያ ተንበርክካ ጠረገች፣ ስባሪውን ቆጠረች፤
በማግሥቱ አራት መቶ አሥራ ስምንትን ጀመረች።

ዛሬ ጡረታ ነው። ኬኩን በልተው ሄደዋል።
ጠረጴዛው ላይ ከኦሳካ የመጣ ጽሑፍ አለ፤
ቺዙሩ የምትባል፣ አይታት የማታውቃት ልጅ፣
ያንኑ ቅንጣት ይዛ፣ አንዲቱን ኦክስጅን አውጥታ
ናይትሮጅን ተክላ፣ ከጉበት አስታርቃዋለች።
የፊኑላ ስም ግርጌ ማስታወሻ ላይ ነው፣
ሠላሳ ስምንተኛው፣ አንድ ፊደል ተሳስቶ።
መጀመሪያ ፊደሉን በእርሳስ አረመች፤
ከዚያ እንደገና አነበበች፤ እንደገና።
"ሰው ላይ ደርሷል?" ብላ ለልጅቱ ጻፈች።
መልሱ ቶሎ መጣ፣ ባንድ ቃል፦ ገና።

ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋ ገረማት።
ብልቃጡን አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘች፣
ዝናቡ በውስጡ ተገልብጦ ሲዘንብ እያየች፤
"ይሄኛው ንጹሕ ነው" አለች፣ ለባዶው ክፍል፣
ለሚመጣውም ሰው፣ መደርደሪያው ላይ ደፋች።