መብረቅ የት ገባ?

ትብሊሲ ከተማ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ፣
አንድ ግቢ አለ በወይን ሐረግ ተጠልሎ፤
የአንዱ ካልሲ ካንዷ ቀሚስ ጎን ተሰቅሎ፣
የአንዱ ሳል ከሌላው ጓዳ ድረስ ዘልሎ፣
ሁሉ ሁሉን ያውቃል፤ ማን ምን ምሳ በላ፣
ማን ዕዳ ሳይከፍል ከማን ጋር ተጣላ።

ናቲያ የምትባል አንዲት ጥርሰ ወላቃ፣
አንድ ኤሊ አላት፤ ስሙ መብረቅ፣ በቃ።
ስም ያወጣችለት በሦስት ዓመቷ ነው፤
እሱም ዝም ብሎ ሰማ፤ አልተቃወመው።
ምሳ ሊበላ ብሎ ከጥጉ ሲነሳ፣
መንገድ ላይ ይመሻል፤ እራት ይሆናል ምሳ።

እሑድ ጠዋት ታዲያ ሳጥኑን ብታየው፣
ጎመን ብቻ ቁጭ ብሏል፤ የሚበላው የለው።
«መብረቅ ጠፋ!» ብላ አንዴ ብትጮኽበት፣
አሥራ አንድ መስኮት ተከፈተ ባንድ ቅጽበት።

ወይዘሮ ዡዡና ግማሹን ሰሙና፣
«መብረቅ መጣ!» ብለው ልብስ ሰበሰቡና፣
ሰማዩን ቢያዩት ግን ጠራራ ነው ፀሐይ፤
«ምን ያለችው ልጅ ናት!» ብለው ጮኹ ከላይ።

አቶ ኖዳር ደግሞ፣ ትራም ነጂ የነበሩ፣
ከወይኑ ሥር ካለው ጠረጴዛ ሰው ጠሩ።
ይህ ጠረጴዛ ነው በሰፈሩ የታወቀ፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ሲንገዳገድ የዘለቀ።
አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ክርን ያስደገፈ፣
ሻዩን ሱሪው ጠጥቶት፣ ጥሙን ይዞ አለፈ።
እሑድ ነውና ግን ጨርቅ ለብሷል እስከ መሬት፤
ከበው ተቀመጡ፤ ጉዳዩ ነው የሕይወት።

«ማታ ከወጣ» አሉ እርሳስ እየላሱ፣
«አሁን ዳቦ ቤቱ ጋ ይሆናል መድረሱ፤
ትራም ከያዘማ...» ብለው ዝም አሉና፣
አንገት አስደፋቸው፤ ትራም ቀርቷልና።

ሠዓሊ ነኝ ባዩ ጎጊታ ተነሳ፣
መብረቅን ሣለና ለጠፈ ሳይደርስ ምሳ፤
ግን ላየው ሰው ሁሉ ሥዕሉ ዳቦ መስሎ፣
አምስት ሰው ደወለ «ትኩስ ነው ወይ?» ብሎ።
የምድር ቤቱ ውሻ አሽትቶ እንዲፈልግ ተላከ፤
ቋሊማ ቤት ደርሶ በዚያው ተንበረከከ።

አልጋ ተገለበጠ፣ ቁም ሣጥን ተበረበረ፤
የጠፋ ሁሉ ወጣ፣ መብረቅ ብቻ ቀረ፤
የዡዡና መነጽር፣ የጎጊታ ቁልፍ፣
ኖዳር ያልመለሱት የጎረቤት መጽሐፍ፤
መዶሻም ተገኘ ከምድጃው ኋላ፣
ሾታና ወንድሙን ሰባት ዓመት ያጣላ።
ተቃቅፈው ሲላቀሱ ናቲያ ተቆጣች፤
«እኔ የምፈልገው መዶሻ ነው?» አለች።

ሲመሽ ደከማቸው፤ ጠረጴዛውን ከበቡ፤
ሻይ ተቀዳ፤ ዝም አሉ፤ አሰቡ፣ አሰቡ።
ኖዳር በሐዘን ክርናቸውን ጣሉ፤
ዡዡናም ጣሉ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።
የናቲያ ዓይን ብቻ ከሻዩ ላይ ቀረ፤
ጠብ አላለም ሻዩ፤ እንደሞላ ነበረ።
«አቶ ኖዳር» አለች፣ «ምነው ሱሪዎ ደረቀ?
እንዴት ጠረጴዛው ዛሬ አልተነቀነቀ?»

ግቢው ጭጭ አለ።
ጨርቁ ሲገለጥ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ተኝቷል መብረቅ፣ አራተኛ እግር ሆኖ!

«መብረቅ!» ስትለው አንድ ዓይኑን ገለጠ፤
«ጎመን!» ስትለው ግን እንደ ስሙ ሮጠ
(ለኤሊ ማለቴ ነው)። ጠረጴዛው አዘመመ፤
ዘጠኝ ብርጭቆ ሻይ ዘጠኝ ጭን ላይ ታተመ።

ማንም አልተቆጣም። በማግስቱ ኖዳር፣
እንጨት ይዘው መጡ፣ መጋዝና ሚስማር፤
በዚያው መዶሻ እግሩን ቀጠሉ፤ ትንሽ አበዙና፣
አሁን በሌላው ጎን ሻይ ይፈስሳል እንደገና።
መብረቅ? ሳጥኑ ውስጥ ጎመኑን ያኝካል፤
ትናንት የጀመረው ቁርስ ነገ ያልቃል።