የምስማር ጭረት

ሠላሳ ሰባት ናቸው፣ ግድግዳውን ሞልተው።
ውዳላት ትላለች፦ "ምን ሠርተው፣ ምን በልተው
ነው እንዲህ የተኮፈሱት?" እኔም እመልሳለሁ፦
"ድንጋይ ነው የሚበሉት፤ ምን ወጪ አወጣሁ?"
ትስቃለች ወይ ትቆጣለች፤ እንደ ቀኑ ነው።

ፊሊፕሱ ቆዳ ለባሽ፣ ወንፊት ፊቱ የተላጠ፣
ናሽናሉ፣ አንቴናው በጃንጥላ ዘንግ የተለወጠ፣
አንዱ ደግሞ ከነስሙ ሁለት ፊደል የቀረው፣
ሰርግ ቤት ወድቆ ነው አሉ ወገቡ የተሰበረው።
ሁሉም አንገት ላይ ካርድ አለ፦
ከማን ተገዛ፣ መቼ፣ ሕመሙ ምን ነበር፣ ምን ይሰማበት ነበር።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጡረታ ስንሰናበት፣
ጓደኞቼ ባጃጅ ገዙ፣ ከፈቱ ምግብ ቤት፤
እኔ ግን ቅዳሜ ገበያ፣ ከአሮጌ ብረት ተራ ጥግ፣
በርከክ ብዬ ትቢያ እፍ ስል፣ ቁልፍና ሽቦ ስፈልግ።
"ሠላሳ ዓመት የሽመና ማሽን ያደነቆረው ጆሮ
ድምፅ ሰብስቦ ምን ሊያደርግ ነው?" ብሎኛል አንዱ ደፍሮ።
ልክ ነው። እኔም አላውቅም።

ሠላሳ ሰባተኛውን ምንይችል ነው ያመጣው፣
ከዘጌ በጀልባ መጥቶ፣ ገና ሐይቁ ሳይለቀው።
"የአባቴ ነው" አለ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፤
ዋጋ አልተከራከረም፣ ብሩን አጥፎ ሄደ ቶሎ።

ከፈትኩት። የሐይቅ ትንኝ፣ የደረቀ ጭቃ፣ የዓሣ ቅርፊት።
ድንጋዩን የሚገፋው ሞላ ከነበረበት
በቢላ ተልጎ፣ ተጠቅልሎ የገባ ደንገል፦
ታንኳ የሚያስር እጅ ራዲዮም ጠግኗል።

ከመዘውሩ ጠርዝ ላይ በምስማር የተጫረች
አንዲት ጭረት፤ ከአካሉም ላይ እኩያዋ አለች።
ሁለቱ ሲገጥሙ እንደ ከንፈር፣ መርፌው አንድ ቦታ ይቆማል።
ጣቢያ መሆን አለበት! ይሄ ሰውዬ ምን ሰምቷል?

ምናልባት በዚያ ዘመን፣ ድምፅ ቀንሶ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣
የተከለከለ ወሬ፣ ከባሕር ማዶ ተስቦ።
ምናልባት የዘመተ ልጅ፣ ስሙ ይጠራ እንደሆን፤
ምናልባት አንዲት ዘፋኝ፣ በሳምንት አንድ ቀን።
ለውዳላት ተረኩላት። አመነች። ጥቂት አለቀሰች።
በካርዱ ላይ በጥሩ ጽሑፍ አሰፈርኩት።
መዘውሩን አልነካሁም፤ አቧራውን በላባ ጠረግኩት።

ነሐሴ ላይ፣ መብራት በጠፋበት ማታ፣
ምንይችል ከነዝናቡ በራችንን መታ።
ሊወስደው መስሎኝ ፈራሁ።
"አንዴ ብቻ ልስማው" አለ፣ ጃኬቱ እየተንጠባጠበ።
አዲስ ድንጋይ አጎረስኩት።

ሽሽሽሽ
ቃል የለው፣ ዜማ የለው፣ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ ጩኸት።
"ጣቢያው ተዘግቷል መሰል" አልኩ፣ እጄን ስሰድ።
"የለም፤ ይኸው ነው። አይንኩት።

አባቴ ሌሊት መረብ ሲጥል ከታንኳው አፍንጫ ያስረዋል፤
ጉማሬ ይሄን ከሰማ መንገድ ይለቃል፣ ይላል።
ወሬማ አይወድም ነበር። ዘፈንም።
ከሁለት ጣቢያ መሃል፣ ማንም ከማይናገርበት፣
በጨለማ በጥፍሩ ዳስሶ እንዲያገኝበት
ነው የጫረው።"

ከጓዳ ውዳላት፦ "እንባዬን መልስልኝ!" አለች።
ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን።
እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በግራ እጁ ጣት
አየር ይቀዝፋል፤ እኔ ግን ሌላ ቤት
ገብቼ ነበር፦ ከሌሊት ፈረቃ፣ ከማሽኖቹ መሃል፣
ብናኝ ጥጥ በጢሜ ላይ፣ ወለሉ ይርገበገባል፣
ስም ቢጠራ የማይሰማበት፣
ሰው በእጁ የሚያወራበት።
ድንጋዩ ደከመ። ማንም አላጠፋውም።

ጠዋት፣ ምንይችል ከሄደ በኋላ፣ በካርዱ ላይ
ያን ሁሉ የሚያምር ጽሑፍ ሰረዝኩና ከላይ
እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
"ቁጥር ሠላሳ ሰባት። ሕመም የለበትም። ለጉማሬ።"