ልብስ ሰፊው

ከብሔራዊ ትያትር ጀርባ፣ ላስቲክ ከተወጠረበት፣
ለልጅ ልጄ የሒሳብ መጽሐፍ ስጠይቅ ከአንዱ መደብ ፊት፣
«ጋሼ፣ ይኼንስ አያዩም?» አለ ልጁ ዝቅ ብሎ፣
ከጆንያ ሥር አወጣልኝ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ።

የእንግሊዝ መጽሔት ነው፤ ያ በር ተዘግቶ የሚገለጠው፣
ሁለት የሽቦ ስፌት መሐሉን ዝጎ የበላው።
ሴትዮዋ ወንበር ላይ ናት፣ አንገቷን ዘወር አድርጋ፤
ከአንገት በታች ግን ሌሊት፣
ድፍን፣ ጥቁር፣ የማይነጋ።

የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ።
ጋሽ ዘርጋው ነው።

ስሙ ዘርጋው፣ ሥራው ማጠፍ፤
በቸርችል ጎዳና፣ በፖስታ ቤቱ ጓሮ፣ በአንዲት ክፍል ደፍ
እሱ ሸፋኝ፣ እኔ ተላላኪ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ፣
ቀለም የማመላልስ፣ ዓይኔን ከወለሉ የማላነሳ።
(ለእናቴ እንዲያ ብዬ ነበር የምምለው።)

የንግሥቲቱ ቴምብር ያለበት ቡናማ ፖስታ
በመርከብ ይመጣል፣ በባቡር፣ ከለገሃር በጋሪ፣
ለሐኪም፣ ለመሐንዲስ፣ አንዴም ለአንድ ፊታውራሪ።
«የጤና መጽሔት» ይላል ሽፋኑ። ፀሐይ መሞቅ ያስተምራል።
መዳፍ የማትሞላ፣ ጥቁርና ነጭ ናት፤
ቀለም አትፈጅም፤ ዘርጋው ይስቃል፦
«የሚያሳፍረውን እዚያው ለንደን ፍቀውታል።
አንዱ ምስኪን ዳኛ ፈርቶ በምላጭ አድበስብሶታል።
እዚያም ዘርጋው አለ በለኛ! ደመወዙ ስንት ይሆን?»

ከዚያ እንግሊዝ ሕጓን አላላች፤ ወረቀቱ አብረቀረቀ፤
ገጹ ቀለም በቀለም ሆነ፣
ያኛው ዘርጋው ሥራ ለቀቀ።
አሳታሚ ከአሳታሚ ተሽቀዳደመ፣ ማን ይበልጥ ይግለጥ ብሎ፤
የኛ ብልቃጥ በወር ከአንድ ዘጠኝ ገባ፣ ጉድ ፈልቶ።
የግምጃ ቤቷ ወይዘሮ አጥናፈወርቅ
«ቀለሙን ትጠጡታላችሁ?» ብትለን፣
ምን ብለን እንመልስላት!

አንድ ሕግ ነበረው፤ ፊት አይነካም።
«ዓይኗን ከጋረድኩባት ማን እንደሆነች አላውቅም።
እየው ክንዷን፣ ጸጉሩ ቆሟል፤ ያ ክፍል ብርድ አለው።
ሽፋኑ ላይ የገዢው ዋጋ በሽልንግ ተጽፏል፤
የእሷስ የት ነው ያለው?
ሳንሱር አትበለኝ፣ አንተ ልጅ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።»
ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

አብዮቱ መጣ። ቡናማው ፖስታ ቀረ።
ያው ብሩሽ፣ ያው ብልቃጥ፣ ያው ጠረጴዛ፤ ወደ ቃል ዞረ።
ከውጭ ጋዜጣ አንድ መስመር፣ ከሰው ደብዳቤ ሦስት።
በእነዚያ ዓመታት ጥርሱን አላየሁትም።
አንድ ማታ ብቻ፣ ወደ አምባሳደር ስንወርድ፣
ግራ ቀኙን ቃኝቶ፣
«ገላ ስትሸፍን ብርድ ታስታግሳለህ፤
ቃል ስትሸፍንስ ማንን ታለብሳለህ?» አለኝ።

ከዚያ ካሴት መጣ። ለንደንም ማተሚያው አንድ በአንድ ቆመ አሉ።
ዛሬ ሁሉም ያለ ቴምብር፣ ያለ ባቡር፣
የጎረምሳ ኪስ ውስጥ ያድራል፤ የሚያጥፍ የለ።
ዘርጋውን ስንገንዝ ነበርኩ፤
በአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር
ሳሙና ያላስለቀቀው አንዲት ጥቁር ክር።

«ስንት ነው?» አልኩት ልጁን።
«ያልተቀባው ሁለት መቶ። ይኼ የተቀባው አምስት መቶ።»
«ተበላሽቶ ሳለ?»
«ወደ ብርሃን ያዙት እስቲ።»

ፀሐይ በላስቲኩ ቀዳዳ ገብታለች። ያዝኩት።
ጥቁሩ ሳስቶ ወይን ጠጅ ሆኗል፤ ከሥሩ ብሩሹ ደርቦ ያሰመረው
ቀስ እያለ ወጣ፤
ኮሌታ። የእጅጌ ስፌት።
ከአንገት እስከ ጉልበት ስድስት ቁልፍ፤
አንዱ፣ አራተኛው፣ ተዛንፎ የተተከለ።

አልተከራከርኩም። ከፈልኩ።
ለገሃር ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ፣
የሒሳቡን መጽሐፍ ረስቻለሁ።