ትከሻ ላይ ያለው

ደሞዝ የምበላው ወፍ በማባረር ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ፤
ጅማ፣ ከማኮብኮቢያው ጫፍ፣ በጅራፌ፣ በፉጨቴ።
ከቦዬ ረግረግ ተነሥቶ አባ ኮዳው ሲመጣ፣
እንደ ጡረተኛ ዳኛ እየተጎማለለ ሣሩ ላይ ሲወጣ፣
ጅራፌን አስጮሃለሁ፤ ይነሣል፤ ቅር እንዳለው ያስታውቃል፤
ነገ እንደሚመለስ እሱም ያውቃል፣ ጅራፌም ያውቃል።

ባለፈው ኅዳር አሠልጣኝ መጣ፣ ከአዲስ አበባ የተላከ፤
ነጩ ሰሌዳ ላይ ሰው ሣለልን፣ በአንድ ጉልበቱ የተንበረከከ።
ዓይን አልሣለለትም፤ አፍም የለው፤
ትከሻ ብቻ ነው፣ ቱቦም ትከሻው ላይ ያለው።
«ከእንግዲህ» አለን፣ «ወፍ ብቻ አትዩ፤
ሰማዩን ለአብራሪው ተዉት፣ እናንተ ምድሩን እዩ።
ሚሳኤል ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን እንደ ማገዶ ይሸከመዋል፤
መንገደኛ፣ ወታደር ብሎ አይለይም፤ ሙቀት ነው የሚጠራው፣ ይከተለዋል።
አውሮፕላን ደግሞ ሲያርፍ እንደ ደረሰች እርጉዝ ነው፤ አይሮጥም፤
ዝቅ ይላል፣ ይከብዳል፣ ከመንገዱ አይወጣም።»
«ካየንስ?» አለ ዘይኑ፣ የበሩ ጥበቃ።
አሠልጣኙ ውኃ ተጎነጨ። «መናገር» አለ፣ በቃ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጅማ ከአንገት በላይ ጠፋችብኝ፤
ፊቷ ሁሉ ተፍቆ ትከሻዋ ብቻ ቀረልኝ።
ሐሙስ ሂርማታ ገበያ፣ ሸንኮራ የተሸከመ፣
የቧንቧ ሠራተኛው ፕላስቲኩን ይዞ ባጃጅ ሊያስቆም የቆመ፣
የበርጩማ እግር አናጢው፣ ምንጣፉን የጠቀለለ ደረሳ፣
ሁሉንም በዓይኔ በረበርኩ፤ ማን ጎንበስ አለ፣ ማን ተነሣ።
የገዛ ወንድሜን እንኳ፣ ቆርቆሮ ጠቅልሎ ሲያልፍ አግኝቼው፣
ሰላም ማለቱን ረሳሁት፤ ትከሻውን ነው ያየሁለት፣ እጁን ነው ያየሁት።

ከዚያ፣ በሚያዝያ፣ አንድ ማክሰኞ።
አሥራ አንድ ሰዓት። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤
ጂሬን አናቱን በጉም ሸፍኗል።
መኪያ ከማማው፦ «በአራት ደቂቃ ያርፋል፤ ስልሳ ስምንት ሰው።
ወፍ አለ?»
«የለም» አልኩ። ወፍ አልነበረም።

ከአጥሩ ማዶ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ሰው ነበረ።
ቆመ። አንጋጠጠ። በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ።
ትከሻው ላይ ረጅም፣ ድቡልቡል፣ የጠቆረ።

ሬዲዮው እጄ ውስጥ ነው። ምላሴ እንጨት።
ብናገር ወደ ጉሙ ትመልሳቸዋለች፣ ወደ ተራራው፤
ዝም ብል
ስልሳ ስምንት ሰው። ከኩላሊት እጥበት የምትመለሰው፣
ሚዜ ሊሆን ሱፉን በእጁ ያንጠለጠለው፣
«ያውልህ፣ የእኛ ጣሪያ» እያለ ለልጁ በመስኮት የሚጠቁመው።
ከጂሬን ጀርባ ድምፁ መጣ።

ሮጥኩ። ጅራፍ ይዤ። ለሚሳኤል ጅራፍ!
ጮህኩ፤ የጮህኩትም የወፍ ጩኸት ነው፣ ሌላ አልተማርኩም።
ሰውየው ዞረ።
ፊት ነበረው።

ራያ አባመጫ፣ የሰቃው ንብ አናቢ።
ቀፎ ነው፤ እበት የተለቀለቀ የቀርከሃ ቀፎ፣
የጫማው ክር ተፈትቶበት ሊያስር ጎንበስ ብሎ።
«ምነው?» አለኝ፣ «አባ ኮዳ መሰልኩህ እንዴ?»

አውሮፕላኑ በላያችን አለፈ፣ የሆዱ ብሎን እስኪቆጠር፤
ሁለታችንም አንገታችንን ቀበርን።
ራያ ጆሮውን ወደ ቀፎው አስጠጋ።
«ደነገጡ» አለ።

«አረፈ» አለች መኪያ። «ያንተ በኩል እንዴት ነው?»
«ሰላም» አልኩ። ጉልበቴ ግን ገና አላረፈም።

«ካስደነገጥከን አይቀር እስከ አስፋልቱ አግዘኝ» አለ ራያ፣
አንሥቶም ትከሻዬ ላይ አኖረው።
ይከብዳል። ይሞቃል። ውስጡ እንደ ሩቅ ሞተር ያጉተመትማል።
አጥሩን ይዘን ስንወርድ ዘይኑ ከበሩ ብቅ አለ፤
ከዚያ ርቀት ፊቴ እንደማይለይ አውቃለሁ፤
ዓይኑ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ አየሁት።
እጄን ላወዛውዝለት አሰብኩ፤
ሁለቱም ቀፎውን ይዘዋል።